ሦስት ጊዜ የጠፋው ዓረፍተ ነገር

ባምላኩ ማለዳ ማለዳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይከፍታል። ዜና ሊያነብ አይደለም። በአማርኛ በሚዘጋጀው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ማን ምን እንደለወጠ ሊያይ ነው። ባለሱቅ በሩን ከፍቶ ዕቃው እንዳለ ማደሩን በዓይኑ እንደሚቃኝ፣ እሱም ገጾቹን ይቃኛል። የተበላሸ ካለ ያቃናል፤ ስድብ የጻፈ ካለ ይሰርዛል። ከዚያ በኋላ ነው ፊቱን ውሃ የሚነካው፤ ያውም ውሃ ከመጣ።

መዝገበ ዕውቀቱ ደመወዝ የሚበላበት ሰው የለውም። የፈለገ ይጽፍበታል፣ ሌላው ያርመዋል። ማን፣ መቼ፣ የቱን ቃል እንደነካ ደግሞ እስከ ደቂቃው ተመዝግቦ ይቀመጣል። በስም የተመዘገቡት ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ ብቅ የሚሉት ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ባምላኩም ስለማይጠፋ፣ ገጽ የመቆለፍና አጥፊ የማገድ ሥልጣን ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሁለቱን በመልክ አያውቃቸውም።

ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጂኦግራፊ ነበር። በተማረበት የሚቀጥረው ቢያጣ፣ ቀራንዮ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ። የሰው ማመልከቻ ይጽፋል፣ የትምህርት ማስረጃ ያባዛል፤ ፋታ ሲያገኝ ወደ ገጾቹ ይመለሳል። እዚያ የሚታወቀው “ባለድልድይ” በሚል ስም ነው፤ መጀመሪያ የጻፈው ስለ አንድ አሮጌ ድልድይ ነበርና። ራሱን በሚያስተዋውቅበት ገጽ ላይ፣ “የምወዳቸው፦ ወንዞች፣ ምንጮች፣ ድልድዮች፣ የድሮ ካርታዎች፣ የሰፈር ስሞች። የጀመርኳቸው ጽሑፎች፦ 1,143” የሚል ሰፍሯል። ከሳንሱሲ እስከ ዓለም ባንክ የሚወርደውን ጅረት ሁሉ በእግሩ ተከትሎታል። አንዳንዱ ዛሬ ከአስፋልት ሥር ተቀብሯል፤ በእሱ ገጽ ላይ ግን ስሙም መነሻውም አለ።

ሥራው ሕግ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ፣ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ዋቢ ይኑረው የሚለው ነው፤ የታተመ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ጥናት። “በዓይኔ አይቻለሁ” ዋቢ አይሆንም። ባምላኩ ራሱ በዓይኑ ያየውን ስንቱን ነገር፣ የታተመ ስላጣለት ሳይጽፈው ትቶታል። ለሌላው የከለከለውን ለራሱ ፈቅዶ አያውቅም፤ በዚህም በልቡ ይኮራ ነበር።

ከጽሑፎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ስለ ቀሎ ምንጭ የጻፈውን ነው። ቀሎ ከቤቱ ቁልቁል የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቅ ቀጭን ውሃ። ስሙን የነገሩት እዚያው ተወልደው ያረጁት አባባ ቡልቻ ናቸው። ዋቢውን ግን ያገኘው ከመርካቶ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ነው፤ በ1964 ዓ.ም. የታተመ፣ ሽፋኑ የተቀደደ የውሃ ጥናት። ጥናቱ ስለ ቀሎ አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ የመጨረሻው መስመር፣ “ጥራቱ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል” ይላል። ባምላኩ ከነገጽ ቁጥሩ አሰፈረው።

በዚያም አላበቃም። አምና የሰፈሩ ወጣቶች ምንጩን ሲያጸዱ፣ ጽሑፉን አትሞ በፕላስቲክ አሽጎ፣ ከሥሩ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ አድርጎ ከምንጩ አጠገብ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። እኔ ነኝ የጻፍኩት አላለም። በመዝገበ ዕውቀቱ ጽሑፍ ላይ የጸሐፊ ስም አይወጣም፤ ደንቡ ነው። ሰውም ከአንድ ትልቅ ቦታ የመጣ ቃል አድርጎ ተቀበለው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት በስብሰባ መሃል ተነሥተው፣ “ይህ ልጅ የሰፈራችንን ውሃ ከዓለም መዝገብ ፈልጎ አመጣልን” ብለው አመሰገኑት። በዚያው ሰሞን የዕድሩ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ የቧንቧው ውሃ ፈረቃው ተዛብቶ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ወደ ቀሎ የሚወርደው ቢጫ ጀሪካን ከማለዳ እስከ ማታ ተሰልፎ ይውል ጀመር። ዝናቡም ያለ ወትሮው ቀደም ብሎ ነበር የገባው።

በዚያ ሳምንት አንድ ማለዳ ባምላኩ ስልኩን ሲከፍት፣ የቀሎ ገጽ ላይ እሱ ያልጻፈው ዓረፍተ ነገር አገኘ። “ይህ ውሃ አሁን አይጠጣም፤ ከላይ የተሠሩት ቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ምንጩ እየሰረገ ነው።” ጸሐፊው ስም የለውም፤ ሳይመዘገብ የገባ ሰው ነው። ባምላኩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ወርጄ ልየው ይሆን ብሎ አሰበ። ወርዶ ቢያይስ? ያየውን መጻፍ አይችል። ሰረዘውና ምክንያት በሚሞላበት ቦታ ላይ “ዋቢ የለውም” ብሎ ጻፈ። ጨዋ ነውና ለማይታወቀው ሰው መልእክት አኖረለት፦ “ጤና ይስጥልኝ። ስለ አስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን። ነገር ግን የግል ምልከታ ማስረጃ ሊሆን ስለማይችል…”

ከሦስት ቀን በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ መጣ። አሁንም ሰረዘው። ሰኔ ሦስት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ፤ ከጎኑም፣ “የጤና ባለሙያ ነኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታጥፉት” የሚል ተጨምሮበታል። ባምላኩ ያየው በማግሥቱ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ደንቡ ሦስት ጊዜ የመለሰ ይታገድ ይላል። ሰረዘው፤ ጸሐፊውንም ለሦስት ወር አገደው። ከዚያ ከባልዲው ቀድቶ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ የአልማዜ ልጅ ናዝራዊት ሞተች።

አምስት ዓመቷ ነበር። ሥዕሏን ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እየመጣች፣ “ሁለት አድርግልኝ” የምትለው፣ መብራቱ ከክዳኑ ሥር ሲያልፍ ለማየት በእግሯ ጣት የምትቆመው ናዝራዊት። ዓርብ ማታ ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመራት፤ ቅዳሜ ሆስፒታል ገባች፤ እሑድ አለቀ። አባቷ መኳንንት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። የደረሰው ሰኞ ረፋድ፣ ልጁ ልትቀበር ስትወጣ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ባምላኩ በዕድሩ ጸሐፊነቱ ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የመኳንንት እኅት ዘመነች ከኋላው ለሴቶቹ ስትናገር ይሰማዋል።

“ባሏ በረሃ ለበረሃ ይንከራተታል፣ እሷ ሱቋን ትጠብቅ። ለልጅ የሚሆን ውሃ ጠፍቶ ነው? ያንን የጉድጓድ ፍሳሽ አጠጣቻት።”

“ተይ አሁን፣ ትሰማሻለች።”

“ትስማ።”

አልማዜ ሰማች፤ ራሷንም ቀና አላደረገችም። ቤተሰቦቿ ወልቂጤ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ኮልፌ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከአባቷ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ያደገች፣ ያልመዘነችውን የማትሰጥ፣ ያላነበበችውን የማትፈርም ሴት ነበረች።

ባምላኩ አጠገብ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች ወጣት መጥታ ተቀመጠች። ሰብሪያ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች ጤና የምታስተምር፣ ከአስኮ እየተመላለሰች የምትሠራ። ሰፈሩ ሲስተር ይላታል።

“የዕድሩ ጸሐፊ አንተ ነህ አይደል?” አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“አዎ፣ ሲስተር።”

“ይሄን ፈርቼ ነበር። ለአቶ ወልደሰንበት፣ ‘ስብሰባ ላይ አንድ ደቂቃ ስጡኝ፣ ስለ ቀሎ ልናገር’ ብያቸው ነበር። ‘ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይላል፤ አንቺ ከዓለም ትበልጫለሽ ወይ?’ አሉኝ። ሳቁብኝ እኮ።”

ባምላኩ የዕድሩን ደብተር ዘጋ።

“ናሙናውን ወስደን ልከናል። ውጤቱ እስኪመጣ ብዬ ዝም እንዳልል፣ ሰው በዓይኔ ፊት እየቀዳ ነው። ከዚያ ያው ወረቀቱ ላይ ያለውን ኮድ በስልኬ ከፍቼ፣ እዚያው ገጹ ላይ ጻፍኩ። ባለድልድይ የሚባል አለ። እንደጻፍኩ ያጠፋዋል። እጽፋለሁ፣ ያጠፋል። በሦስተኛው ጭራሽ ዘጋብኝ።”

“ምን ዓይነት ሰው ይሆን?” አለ ባምላኩ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

“ምን አውቄ። ውጭ አገር የተቀመጠ አንዱ ይሆናል። እዚህ ያለ ሰውማ ቢሆን ሃያ ደቂቃ ወርዶ ያየው ነበር።”

በማግሥቱ ሱቁን ከፍቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እያንዳንዱ አዘጋጅ የሠራው ሁሉ የሚሰፍርበት የአስተዋጽኦ ዝርዝር አለ። የእሱ ከዘጠኝ ሺሕ መስመር በላይ ነው፤ ከዚህ ቀደም ሲከፋው ከፍቶ ወደ ታች እየወረደ የሚጽናናበት። አሁን የሚያየው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ሦስቱም ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ “ባለድልድይ”፣ ከዚያም “ዋቢ የለውም”።

ሥልጣን ካላቸው ሦስቱ አንዱ ነውና፣ መስመሮቹን ከሰው ዓይን መሰወር ይችላል። ማንም አይጠይቀውም። ትእዛዙን ከፈተ። ማሽኑ ምክንያት ጠየቀው፤ ለመሰወር የሚፈቀዱት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፦ ስድብ፣ የግል ምስጢር፣ የተሰረቀ ጽሑፍ። የእሱ ከአንዱም አይገባም። ብዙ ቆይቶ ዘጋው። ኋላ ሲያስበው፣ ያስቆመው ኅሊናው ይሁን ደንቡ መለየት አልቻለም፤ ይህም ያሳፍረው ነበር። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። “ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል” የሚለውን መስመር ከገጹ ላይ አነሣ። ወደ ቀሎም ወርዶ የሰቀለውን ወረቀት አወረደ። ምንጩ በእሾህ ታጥሯል። ከቋጥኙ በላይ፣ ከአዲሶቹ ቤቶች አጥር ሥር፣ ሣሩ እንደ ጥቅምት ለምልሞ፣ መሬቱ ረጥቦ፣ ሽታው ከሩቅ ይመጣ ነበር። ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም፤ አፍንጫ ይበቃ ነበር።

ለሰብሪያ የነገራት በዚያው ሳምንት ነው። ከሥራዋ በር ላይ ጠብቆ፣ “ባለድልድይ እኔ ነኝ” አላት።

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ከዚያ አየችው፤ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

“አንተ?”

“እኔ።”

“ድንኳኑ ውስጥ ስነግርህ… አጠገቤ ተቀምጠህ?”

“አዎ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።”

“እኔን ምን አድርገህ? የእኔን ጽሑፍ ነው ያጠፋኸው፣ የእኔን ልጅ አይደል። የአልማዜ ባል እሑድ ከቤት ሊያስወጣት ሽማግሌ ሰብስቧል ይባላል። ይቅርታህን ይዘህ እዚያ ሂድ።” ጥቂት ተራምዳ ዞረች። “ውጤቱ ዛሬ መጥቷል። አሁን ዋቢ አለህ።”

ሽምግልናው በአቶ ወልደሰንበት ሳሎን ተደረገ። አራት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ከመኳንንት ወገን አጎቱ አቶ ፈቀደ፣ ቃል እንዲይዝ ደግሞ ባምላኩ። አልማዜ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር፣ መኳንንት ፊት ለፊቷ፤ አይተያዩም።

“ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም፤ ሌላ የምለው የለኝም” አለ መኳንንት። “ስወጣ ነግሬያታለሁ። ልብስ እጠቢበት፣ ልጄን እንዳታጠጪ ብያለሁ። አልሰማችም።”

“አልማዜ፣ ተናገሪ ልጄ” አሉ አቶ ወልደሰንበት።

አልማዜ የተናገረችው ቀስ ብላ፣ ለደንበኛ ዋጋ እንደምታስረዳ ሁሉ አንድ በአንድ ነበር።

“እሱ ያለውን አላስታውስም፤ ብሎ ይሆናል። ሲስተር ሰብሪያ ግን ሱቄ መጥታ አትጠጡት ብላኛለች። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ በስልኬ ገጹን ከፈትኩት። ‘ይህ ውሃ አሁን አይጠጣም’ ይላል። ተውኩት። ናዝሬን የታሸገ ውሃ አጠጥቼ አሳደርኳት። ረቡዕ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ደግሜ አየሁት። ‘አይጠጣም’ የሚለው የለም። ‘ተስማሚ ነው’ የሚለው ብቻ ነው ያለው። የሚያውቅ ሰው አይቶ አርሞታል አልኩ። ያን ጊዜ ነው የቀዳሁት።”

“ማታ የነበረ ጽሑፍ ጠዋት የለም?” አለ አቶ ፈቀደ። “ጅብ በላው?”

አንዱ ሽማግሌ ሊስቅ ብሎ ወደ ሳል ለወጠው።

“አሁንም ቢሆን መክፈት ይቻላል” አለች አልማዜ፤ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ከፍታ ለአቶ ወልደሰንበት ሰጠች። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ላይ፣ ወደ ታች አሉ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

“‘አይጠጣም’ የሚል የለም” አሉ። “‘ተስማሚ’ የሚልም የለም፣ ልጄ።”

“ነበረ” አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። “ሁለቱም ነበረ። አንብቤዋለሁ እኮ።”

“እሷ እኮ እንዲህ ሆና አታውቅም” አለ አቶ ፈቀደ ለሌሎቹ፣ እሷ እንደሌለች ሁሉ። “ሐዘን አእምሮ ይነካል። እኛስ ምን እናድርግ?”

ባምላኩ የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። እሷን ውሸታም ያስመሰላት፣ ከጥቂት ቀን በፊት እሱ ራሱ ያነሣው መስመር ነው። ላርም ብሎ የነካው ሁሉ በእሷ ላይ እየተቆለለ ነበር።

“ባምላኩ፣ የዚህ ነገር አዋቂ አንተ ነህ” አሉ አቶ ወልደሰንበት። “እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል?”

“ይሆናል” ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ተነሥቶ ቆመ።

“ይሆናል፤ ሆኗልም። አልማዜ እውነቷን ነው። ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‘አይጠጣም’ ብላ የጻፈችው ሲስተር ሰብሪያ ናት፤ ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ሦስት ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ያጠፋሁት ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። አልማዜ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ‘ተስማሚ’ የሚለውን ደግሞ ልጅቷ ካረፈች በኋላ አነሣሁት። ሁሉም እዚህ ተመዝግቧል።” ዝርዝሩን ከፍቶ ስልኩን ለአቶ ወልደሰንበት በሁለት እጁ አቀበለ።

መኳንንት ቀና ብሎ ሲያየው ለባምላኩ ተሰማው፤ እሱ ግን የሚያየው ምንጣፉን ነበር። ይምቱኝ፣ ያባርሩኝ፣ ብቻ እሷን ይተዋት ብሎ ጠበቀ።

“ለምን አጠፋኸው?” አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ በቁጣ ሳይሆን ሊገባቸው ፈልገው።

“ማስረጃ አልጠቀሰችም ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነው።”

“እንግዲያስ በደንቡ ነው የሠራኸው” አሉ አቶ ወልደሰንበት፤ ፊታቸው ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር ታየ። ስልኩን መለሱለት። “ቁጭ በል ልጄ። አንተ ለሰፈሩ ብለህ፣ ያለ ክፍያ፣ ክፉ ሳታስብ ነው። ያለ ጥፋትህ ራስህን አትውቀስ። ውሃ ስጡት እስቲ።”

“ጋሼ፣ ስለ እኔ አይደለም። እሷ አልዋሸችም ነው የምልዎት። ከማናችንም በላይ አጣርታለች።”

“እሺ፣ አልዋሸችም” አለ አቶ ፈቀደ። “ግን እናት ስልክ አማክራ ነው ልጇን የምታጠጣው? በእናቶቻችን ጊዜ ስልክ ነበር? ሲስተሯ አትጠጡ ብላታለች፤ ባሏ ብሏታል። እሷ የሰማችው ወረቀቱን ነው።”

መኳንንት ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። “ወረቀት ውሃ አይቀዳም። እጅ ነው የሚቀዳው።”

ከዚያ በኋላ የባምላኩ ቃል እንዳልተነገረ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የአቶ ወልደሰንበት ባለቤት ውሃ በብርጭቆ አምጥተው፣ “አይዞህ፣ የተማረ ሰው ሆደ ቡቡ ነው” አሉት። አልማዜ ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ሆና ታይ ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር ቆጥራ የጨረሰች ትመስል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ ሐዘኑ እስኪበርድ ድረስ ወልቂጤ ወንድሟ ቤት ትቆይ አሉ። “እስኪበርድ” ማለት ምን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ባምላኩ ጸሐፊ ነውና ውሳኔውን በእጁ ጻፈው።

ሲወጣ መኳንንት ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ነበር። ያለ ሰላምታ ጀመረ።

“ነግሬያታለሁ ያልኩት…” ቁልፉን በጣቱ አዞረ። “ብያት ይሁን ሳልላት አላውቅም። መሪ ላይ ሆኜ ብቻዬን ብዙ ነገር እናገራለሁ። እሷን ብያት ይሁን መንገዱን፣ አላውቅም። እኔም ስወጣ ለመንገድ የሞላሁት ከዚያው ውሃ ነው።”

“ታዲያ እንመለስ። ይሄንኑ ንገራቸው።”

“ከዚያስ? ማን ገደላት ልበል? አንተን ልበል?” መኳንንት ሰፈሩን በአገጩ አሳየው። “አንተን ብል እኮ የሚስቀው በእኔ ነው። ቅድም አላየህም? ውሃ ነው የሰጡህ።”

ሄደ። ባምላኩም አልተከተለውም።

አልማዜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የመጣችው ሐሙስ ረፋድ ነው፤ ሻንጣዋን ደፉ ላይ አቁማ ገባች። ውጭ የወልቂጤን መኪና ወደምትይዝበት የሚወስዳት ሚኒባስ ረዳት “አየር ጤና፣ አየር ጤና” ይላል።

“ያን ለሽማግሌዎቹ ያሳየኸውን ዝርዝር አትምልኝ” አለችው። “የአንተን ጥፋት ለማሳየት አይደለም። ዋሸች የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ወልቂጤ ገብቷል። ለወንድሜ ማሳየት እፈልጋለሁ።”

አተመላት፤ ሦስት ገጽ። ከሰብሪያ ያገኘውን የላቦራቶሪ ውጤትም ጨመረበት። አልማዜ ቆማ አነበበችው፤ ሦስቱንም “ዋቢ የለውም” በጣቷ እየነካች አለፈች። ገጾቹን ገለባብጣ ጀርባቸውን አየች።

“ማኅተም የለውም?”

“እንዲህ ያለ ነገር ማኅተም የለውም።”

“ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያምናል ታዲያ? ‘ኮምፒውተር ላይ ማንም ይጽፈዋል’ ይሉኛል።”

እውነቷን ነበር፤ ማንም ይጽፈዋል። ባምላኩ እስክሪብቶ አንሥቶ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ “እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አልማዜ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው” ብሎ ጻፈ። ሙሉ ስሙን፣ የቀበሌ መታወቂያውን ቁጥርና ስልኩን አስፍሮ ፈረመ። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በዘጠኝ ሺሕ መስመር ውስጥ፣ በራሱ ስም የጻፈው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለእሷ ግን ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። አጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር ያዘችው።

“አብሬሽ ልሂድ” አላት። “ቤት ድረስ መጥቼ፣ ለወንድምሽም ለእናትሽም በአፌ ልንገራቸው። ዛሬ ሱቁን እዘጋለሁ።”

አልማዜ ሻንጣዋን አነሣች። ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም።

“ተወው” አለችው። “አንተ ከመጣህማ፣ እኔን ትተው አንተን ያጽናናሉ።”

ረዳቱ ሻንጣዋን ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ሥር አስገባው። እሷ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ መኪናው እስኪሞላ ጥቂት ቆመ። ባምላኩም ሱቁ በር ላይ ቆመ። ወደ እሱ አልዞረችም፤ ከአጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት አንድ ነገር ጠየቋት፣ ምናልባት ወዴት ነሽ ብለዋት ይሆናል፤ እሷም ረጋ ብላ፣ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ መመለስ ጀመረች። መኪናው ሲነሣ ገና አልጨረሰችም ነበር።